ጓንት፣ ፕላስቲክ፣ ኤሌክትሪክ ወይስ ሮቦት? እግሩን ለሚጎትት ሰው የቱ ይገዛ

ጋሼ በርኖሳቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ወር ሆኗቸዋል። የግራ እግራቸው ጣት ወደ ላይ አልነሣ ብሎ መሬት ይጠርጋል። የደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። እኔ ከቴሌግራም ላይ የገዛሁትን "ሮቦት ጓንት" ይዤ መጣሁ። ፓምፑን አያያዝኩ፣ ጓንቱን በግራ እጃቸው አጠለቅኩላቸው፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ጥዝዝዝ አለ። አራቱ ጣቶች ቀስ ብለው ተከፈቱ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው የጎማ ቱቦ ግን ወደ ጎን ተጣመመ። ጋሼ እጃቸውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

"እኔ መራመድ አቃተኝ አልኩህ። አንተ ጓንት ገዛህልኝ?"

እውነታቸውን ነው። የገዛሁት ከሌላው ስለሚረክስና ቪዲዮው ላይ ስላማረኝ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ቁጭ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። እሷም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ዕቃ አልነበረም። "ምን ጎደላቸው? መቆም ነው? ጉልበታቸውን ማዘዝ ነው? ወይስ ጣት ማንሣት?" አለችኝ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዕቃ ከእነዚህ አንዱን እንጂ ሦስቱንም አይሞላም።

ስለ ጓንቱ ቶሎ ልጨርስ

ሁለት ዓይነት ነው። ተራው ጓንት ፓምፑ በራሱ ሰዓት እየነፋና እየሳበ ጣት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለተኛው ጥንድ ነው። በጤነኛው እጅ የሚጠለቀው ጓንት ጣቶቹ ላይ ተጣጣፊ ሴንሰር አለው። ጤነኛው እጅ ሲጨበጥ ሴንሰሩ ያውቅና የታመመውንም ያስጨብጠዋል። ከሁለቱ እኔ ጥንዱን እመርጣለሁ። ሰውየው ራሱ እያሰበ ስለሚሠራ ነው። ተራው ላይ ጋሼ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ሁለቱም ጣቱ በጣም ለጠነከረና ጭብጥ ብሎ ለቀረ እጅ አቅም የላቸውም። የእኛ ከፍታም አንድ ነገር ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ያንሳል። ትንሽዬ ፓምፕ እዚህ ለመንፋት ትዘገያለች፣ የምትደርስበት ኃይልም ይቀንሳል። ቆላው ሸዋ ሮቢት የተሞከረ ጓንት እኛ ጋ ሲመጣ ቢለግም አይግረማችሁ።

በነገራችን ላይ በአየር የሚሠራ ጡንቻ የቆየ ነገር ነው። ጆሴፍ ማኪበን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፖሊዮ እጇ ለደከመ ልጁ ብሎ ነው የሠራው።

ፕላስቲኩ ከኤሌክትሪኩ

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። ጣት አልነሣ ሲል ፊዚዮቴራፒስቶቹ ፉት ድሮፕ ይሉታል። መፍትሔ ተብለው የሚሸጡት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

ፕላስቲኩ ኤ.ኤፍ.ኦ. ይባላል። ከባት ጀርባ ተነሥቶ በተረከዝ ዞሮ እስከ ውስጥ እግር የሚደርስ ቅርጽ ነው። የእግር ልክ በጄሶ ተወስዶ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ባትሪ የለው፣ ቻርጀር የለው፣ መብራት ሄደ አልሄደ አይመለከተው። ጣትን ደግፎ ይይዛል፣ በቃ።

ኤሌክትሪኩ ከጉልበት በታች የሚታሰር ቀበቶ ነው። በውጭ በኩል የሚያልፈውን ነርቭ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሰዋል። ነርቩ ጡንቻውን ያዝዝና እግሩ ራሱ ይነሣል። ሊበርሰን የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ሐሳቡን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ዛሬ ዎክኤድ እና ባዮነስ ኤል300 የሚባሉት ይታወቃሉ።

ሻጭ "ኤሌክትሪኩ ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል" ካላችሁ አትቸኩሉ። ሁለቱን በስትሮክ ሕመምተኞች ላይ ያነጻጸሩ ጥናቶች በእርምጃ ፍጥነት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ተጠቃሚዎቹ ግን ኤሌክትሪኩን የበለጠ ወደውት ተገኝተዋል። ቀለል ይላል፣ ቁርጭምጭሚትን አያስርም። ዋጋው ግን ከፕላስቲኩ ጋር አይወዳደርም። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድም እያለቀ ይተካል። ያን መለጠፊያ በየጊዜው ከየት ታመጣላችሁ? ሻጩን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁት።

ሌላም አለ። ኤሌክትሪኩ የሚሠራው ከአከርካሪ እስከ ባት የሚወርደው ነርቭ ደህና ከሆነ ብቻ ነው። የስትሮክ ሰው ችግሩ አንጎል ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሆንለታል። ፖሊዮ የመታው ሰው ወይም ልጅ ሆኖ ቂጡ ላይ ያለቦታው መርፌ ተወግቶ ነርቩ የሞተበት ግን ብሩን አያባክን። የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን የተቀበረለት ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። መሣሪያው "እግር ተነሣ" የሚለውን ሰዓት ማወቅ አለበት። አንዳንዱ ተረከዝ ሥር ጫማ ውስጥ የሚገባ የግፊት ሴንሰር አለው። ሌላው ቀበቶው ውስጥ ያለ የዘንበልታ ሴንሰር ነው፤ ባት ሲያዘነብል ያውቃል። ለእኛ አገር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጋሼ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ። የጫማው ሴንሰር ያኔ ከጫማው ጋር ደጅ ይቀራል! የዘንበልታው ግን በባዶ እግርም ይሠራል። በዚህ ፕላስቲኩም ይሸነፋል። ያለ ጫማ ሲደረግ ወለሉ ላይ ያዳልጣል።

ፕላስቲክ ከመረጣችሁ ደግሞ ዓይነቱን ለዩ። አንዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ድርቅ ያለ ነው። ሌላው ማጠፊያ አለው፤ ጣት እንዳይወድቅ ይከለክላል፣ ባት ወደፊት እንዲያዘነብል ግን ይፈቅዳል። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው፣ እንደ አንኮበር ያለ አገር ለሚኖር፣ ደረቁ ጉልበቱን ወደፊት ይገፋል። ዱካ ላይ ተቀምጦ መነሣትም በደረቁ ፈተና ነው። ቁርጭምጭሚቱ ለሚጣመምበት ወይም ጡንቻው በጣም ለጠነከረበት ግን ደረቁ ይታዘዛል። ይህን ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስን።

ተዘጋጅቶ በቁጥር የሚሸጠው ፕላስቲክ ለጊዜው ያገለግላል። በልክ የተሠራውን ግን አይተካም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በአጣዬ በኩል ላለ ሰው ደግሞ ደሴ ይቀርበዋል፤ እዚያም የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ልክ ለማስወሰድና ለመረከብ ሁለት ጊዜ መመላለስ ሊኖር ስለሚችል የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ከዋጋው ጋር ደምሩ።

ለስላሳው ሮቦት ከብረቱ

ቪዲዮ ላይ ሰው የሚያፈዘው ይሄኛው ነው። ብረቱ ከወገብ እስከ እግር እንደ ሁለተኛ አጥንት ይታሰራል። ከእነዚህ ሪዎክ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ለቤት መጠቀሚያ ተፈቅዶለታል። ፈጽሞ መቆም የማይችለውን፣ አከርካሪው የተጎዳውን ሰው ያቆማል። ክራንች ለመያዝ ግን ጤነኛ እጅ ይጠይቃል። ፈጣሪው አሚት ጎፈር እጁም ሽባ ስለነበር የሠራውን መሣሪያ ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም።

ለስላሳው ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ከሃርቫርድ የወጣው ሪስቶር ወገብ ላይ ሞተር አለው። ከሞተሩ ቀጭን ገመድ ወደ ጫማ ይወርዳል። ጫማው ላይ ያለው ሴንሰር እርምጃውን ያነባል፣ ገመዱ በሰዓቱ ተረከዝን ወደ ላይ ይስባል፣ ቀጥሎ ጣትን ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለስትሮክ ተሃድሶ ተፈቀደ። 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲወጣ ዋጋው ወደ 30 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። የስዊዘርላንዱ ማዮስዊት ደግሞ ዳሌና ጉልበትን ያግዛል፤ ከወንበር መነሣትና ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ይሆናል።

ለስላሳው ክብደት አይሸከምም። አጥንት የለውምና የሚስበው ሁሉ የሚያርፈው በራሳችሁ አጥንት ላይ ነው። ስለዚህ መቆም ለማይችል ሰው አይሆንም። ሪስቶር የተፈቀደውም ሕክምና ቤት ውስጥ፣ ፊዚዮቴራፒስት አጠገብ ሆኖ ለልምምድ ነው። ተከራይቶ ወይም ገዝቶ መንዝ ይዞት የሚገባ ዕቃ አይደለም። በእኔ ሚዛን ይህ የሆስፒታል ግዢ ነው። ሆስፒታል የሚገዛም ካለ መጀመሪያ ይጠይቅ፦ ገመዱ ሲበጠስ ማን ይቀይረዋል?

ሴንሰር ብቻ ለሚገዙ ተማሪዎች

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ደግሞ የጉልበትን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ ለመሥራት ትጠይቁኛላችሁ። ተጣጣፊው የካርቦን ስትሪፕ ሲታጠፍ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙ) ይጨምራል። ስንት ጊዜ እንደታጠፈ ለመቁጠር ይበቃል። ትክክለኛ ዲግሪ ለመለካት ግን አትመኑት፤ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚሰጠው ቁጥር አንድ አይሆንም፣ እያደርም ይለዋወጣል። የሚለጠጥ የጎማ ገመድም ያው ነው። በካፓሲታንስ (በኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም) የሚሠራው ተለጣጭ ሴንሰር ይሻላል፣ ይወደዳልም። በሲሊኮን ውስጥ ፈሳሽ ብረት ያለበት፣ ከጋሊየምና ከኢንዲየም የተቀላቀለው፣ ያምራል። የሚቀልጠው ግን 15.5 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሊጠጥር ይችላል። የኅዳርን የደብረ ብርሃን ውርጭ አስቡት! ለመጀመሪያ ሥራ ከጉልበት በላይና በታች ሁለት አይ.ኤም.ዩ. (እንቅስቃሴንና ዘንበልታን የሚለካ ትንሽ ሴንሰር) እሰሩ። ርካሽ ነው፣ ብርድ አያስቸግረውም።

የጋሼ ነገር

ጋሼ መቆም ይችላሉ፣ ጉልበታቸውም ደህና ነው። የጎደላቸው ጣት ማንሣት ብቻ ነበር። ማጠፊያ ያለው ፕላስቲክ አሠራንላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት በየማታው ካልሲያቸውን አስወልቄ ባታቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን አያለሁ። የቀላው ቦታ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ ተመልሶ መስተካከል አለበት። እሳቸው ግራ እግራቸው ስለደነዘዘ ሕመሙ አይሰማቸውም። አንዴ የውጭው አጥንት ላይ ቀልቶ ስላደረ ይዘን ተመልሰናል፤ ፕላስቲኩን በሙቀት ትንሽ ወጣ አደረጉት።

ማንም ያልነገረን የጫማው ነገር ነው። ፕላስቲኩ ጫማ ውስጥ ቦታ ይይዛል። በሸበጥ አይሆንም፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ጫማ ይፈልጋል። ጋሼ 41 ቁጥር ነበሩ፣ በግራ 42 ሆኑ። አንድ እግር ጫማ የሚሸጥ ስለሌለ ሁለት ጥንድ ገዛን። የተረፈው አንድ 41 የግራና አንድ 42 የቀኝ ነው። ቀኝ እግሩ የታመመ 41 ቁጥር የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ጋሼ አልጋ ሥር በካርቶን አስቀምጠውለታል። ጓንቱንም እንመርቅለታለን ብለዋል።