«ይህን አትግዢው» ላሉኝ መካኒክ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። መኪናዋን መጀመሪያ በደንብ ልያት፣ ከዚያ ላመስግን ብዬ ነው። እስካሁን ከጎንደር ቆላድባ አራት ጊዜ ተመላልሼባታለሁ። አንድም ቀን አላስቸገረችኝም።

የማመሰግናቸው አንድ መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። ስጠራቸው ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

አባቴ የሚኖሩት ቆላድባ ነው። ወገባቸውን ካመማቸው ወዲህ ለሕክምና በሚኒባስ ጎንደር ማመላለስ ከበደን። እኔና እህቴ የስድስት ዓመት ቁጠባችን ላይ እቁብ ጨምረን ትንሽ መኪና ለመግዛት ተነሣን። ጊዜው ግን ለገዢ አይመችም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ራሱ ተፈላጊ ሆኗል። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ስናስስ ከረምን። «ከባለቤቱ በቀጥታ»፣ «ሴት የያዘችው»፣ «ገብቶ መንዳት ብቻ» ይላል ሁሉም።

መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ። አንዲት ቪትዝ አዲስ አበባ አለች ተብሎ ዋጋዋ ረከስ ብሎ ወጣ። ሻጩ «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው፤ ቀብድ ላኪና ልያዝልሽ» አለኝ። 15,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። ስልኩ በዚያው ጠፋ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን መመለስ አለበት። ግን ማንን ልክሰስ? ያለኝ የተዘጋ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ይህን የሰማች የሥራ ባልደረባዬ ናት ጋሼ ዘንድ የወሰደችኝ።

አብረን መጀመሪያ ያየናት መኪና ማራኪ ነበረች። ጋሼ እንደደረሱ ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ አሳረፉ። «ሞተሩ ሞቋል» አሉ። ሻጩ አሁን ከመንገድ መግባቱ እንደሆነ ነገራቸው። «እንግዲያው ነገ በጠዋት እንመጣለን። እስክንመጣ እባክህ አታስነሣት።» በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሲቀዘቅዝ ያደረው ሞተር ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው። ቀድሞ ቢሞቅ ኖሮ ጭሱ ሳይታይ ሊያልፍ ይችል ነበር።

እዚያው አንድ የማልረሳው ነገር ሆነ። ሻጩ ዋጋውንም ሁሉንም ነገር የሚያወራው ከጋሼ ጋር ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጋሼ አቋረጡት። «ገዢዋ እሷ ናት። ለሷ ንገራት» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው ጭሱ ለምን እንደመጣ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ጋራዥ ቤት ገብታ ማንም ዞሮ ያላያት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች።

ሁለተኛዋ ከውጭ ስትታይ ታብረቀርቃለች። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አውጥተው ዙሪያዋን ዳሰሷት። ግራ በሩ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ አልይዝ አለ። ላሜራው ተጨራምቶ በስቱኮ ተሞልቶ ነበር። ጌጁ 84,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ይታያል፤ ጌጁ ከሚለው በላይ ሳትነዳ አልቀረችም ማለት ነው። «ይህን አትግዢው፣ እታለም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ሻጩን ሳያሳፍሩ።

በጣም የቆጨችኝ ሦስተኛዋ ናት። ሞተሯም ካምቢዮዋም ደህና ነበር። ልቤ አርፎባት ነበር። ጋሼ ግን ሊብሬውን ተቀብለው የቻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቁጥሩ ልክ ነው። ስሙ ግን የሻጩ አይደለም፤ በውክልና ነው የሚሸጠው። «ወካዩ ነገ ቢሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታል። ያኔ ስም ለማዞር ከወራሾች ጋር ነው የምትጋጠሚው። ደግሞ እዳና እገዳ ሳታጣሪ አምስት ሳንቲም እንዳታወጪ» አሉኝ። በማግስቱ መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ ጠየቅሁ። መኪናዋ ለባንክ ብድር ተይዛለች። ወረቀቱ የመካኒክ ሥራ አይደለም እኮ። ዝም ቢሉኝ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

አሁን የምነዳት ያሪስ አራተኛዋ ናት። ባለቤቷ አዘዞ የሚኖር አስተማሪ ነው። ዘይት የቀየረበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፎ ይዟል። ጋሼ ደብተሩን አገላብጠው ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ቢሆንም አልተዉም። ሬዲዮውን አጥፍተው ሽቅብ ወደ ጎሃ ነዷት። ያን ዳገት የሚያውቅ ሰው መኪና እዚያ እንደማይዋሽ ያውቃል። ላይ ደርሰን ኮፋኖውን ከፍተው የውሃና የዘይት ፍሳሽ ፈለጉ፤ የሙቀቱን ጌጅ አዩ። ቁልቁል ስንመለስ በየመሃሉ መሪውን ላላ አድርገው ፍሬን ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ትጎትት እንደሆነ ለማየት ነው።

ጉድለትም አላጡባትም። የፊት ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ይጮሃል። ሁለቱ ጎማዎች ጥርሳቸው ያለ ቢመስልም አርጅተዋል። የጎማ ዕድሜ እንዴት እንደሚነበብ ያሳዩኝ ያኔ ነው፤ ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2316 ካለ በ2016 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የሚጠገነውን ከነዋጋው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። አላጋነኑም፤ ሌላ ጋራዥ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አስተማሪውም ወረቀቱን አይቶ ሳይከራከር 45,000 ብር ቀነሰልኝ።

ለአንድ መኪና ያስከፈሉኝ 1,500 ብር ነው፤ ገዛሁም አልገዛሁም ያው። በሁለተኛዋ ቀን የሻጩ ደላላ ወደ ጎን ጠርቶ ገንዘብ ሊያስይዛቸው ሲሞክር አይቻለሁ። እፊቴ መለሱለት። ሦስት ጊዜ «ተይው» ሲሉኝ አንዱን አሽሞንሙነው ቢያስገዙኝ ከደላላውም ከኔም ያገኙ ነበር። ጥገናውም እሳቸው ዘንድ ነበር የሚመጣው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴም «እጁ ይባረክ በይልኝ» ብለዋል።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። እሑድ አይሠሩም። ቀጠሮ ስትይዙ በጠዋት አድርጉት፤ ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣም ማታውኑ ደውላችሁ ንገሩት።