የልጄን ታክስ በነፃ የሠራልኝ ቪታ

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የልጄ አባት ካረፈ ወዲህ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) ለልጁ በወር 1,200 ዶላር ይከፍላል። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት መልስ ሱፐርማርኬት ይሠራል።

የ2023ን ታክስ 250 ዶላር ከፍዬ ያሠራሁበት ቢሮ የልጁን ሶሻል ሴኩሪቲ የኔ ገቢ አድርጎ ጻፈው። ልጁን ደግሞ ራሱን የቻለ ሰው አስመስሎ ታክሱን ፋይል አደረገለት (አስገባለት)። የኔው ፎርም ተቀባይነት አጥቶ ተመለሰ። እስኪስተካከል ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም።

የ2024ን ታክስ ግን በ2025 ቪታ ሄጄ አሠራሁ። አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) የሚደግፈው የነፃ አገልግሎት ነው፤ በዚያ ዓመት በጥቅሉ ገቢያቸው እስከ 67,000 ዶላር የሆነውን ያስተናግድ ነበር። ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ በቀኑም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ይሄን አልወደድኩትም።

የተቀበለችኝ ወጣት የኛው አገር ልጅ ናት። በጥር ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣውን ወረቀት አየችና ጣቷን የልጄ ስም ላይ አሳረፈች። «እትዬ፣ የሚቀበሉት እርስዎ ቢሆኑም ገቢው የልጁ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ አሰላችልኝ። የዓመቱ 14,400፣ ግማሹ 7,200። ደመወዙ 6,200 ሲጨመርበት 13,400። ከ25,000 ስላላለፈ ሶሻል ሴኩሪቲው ታክስ የለበትም። ደመወዙም ለ2024 ከተወሰነው 14,600 በታች ስለሆነ ፋይል የማድረግ ግዴታ የለበትም። ግን 214 ዶላር ፌዴራል ታክስ ተቆርጦበታል፤ ያን የሚያገኘው ፋይል ካደረገ ብቻ ነው።

ቀጥላ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። «ገንዘቡን ምን ላይ ያውሉታል?» 700ው ለኪራይና ለምግብ እንደሚሄድ፣ 500ው ለኮሌጅ በስሙ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። ለካ ለኑሮው የዋለው ልጁ ራሱን እንደረዳ ይቆጠራል፤ የተቀመጠው አይቆጠርም። ከወጪው ከግማሽ በላይ ራሱ ከሸፈነ በኔ ሥር ልመዘግበው አልችልም ማለት ነው። ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ልብሱን አንድ በአንድ ደመርን። ከግማሽ አላለፈም፤ ልመዘግበው ቻልኩ። 17 ስለሞላው ግን ለ2024 ያገኘሁት የታክስ ቅናሽ ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው እስከ 2,000 ዶላር ሳይሆን 500ው ነው።

በልጁ ፎርም ላይ፣ ሌላ ሰው በጥገኝነት ሊያስመዘግበኝ ይችላል የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ለልጄ አሳይታ ራሱ እንዲያነባት አደረገች። ባለፈው ጊዜ ምልክት ሳይደረግባት ቀርታ ያስለቀሰችኝ ይቺው ሳጥን ናት። ሲያልቅ ሌላ ሰው መጥቶ ሥራዋን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው።

የምትሄዱ ካላችሁ መታወቂያ፣ የሁላችሁንም የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ዳብልዩ ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ወረቀት) እና የአምናውን ታክስ ያዙ። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የራሱን ፎርም የሚፈርመው እሱ ነው። ቤት የምታከራዩ ግን ቪታ በአብዛኛው አይሠራላችሁም።