የአባቴ ሴኮ ፋይቭ በግእዝ ቁጥር፦ ከአሥር ወር በኋላ

ካለፈው ዓመት የረመዳን ዒድ በኋላ፣ በመጋቢት 2017 መጨረሻ ላይ፣ የአባቴን ሴኮ ፋይቭ የእጅ ሰዓት ፊቱንና ቆጣሪዎቹን አስቀየርኩ። አሁን ጥር 2018 እየተገባደደ ነው። በእነዚህ አሥር ወራት ሰዓቱ ከእጄ የወለቀው ለውዱእ፣ ለመኝታና ለጥገና ብቻ ነው። ደሴ ውስጥ ያየው ሰው ሁሉ "የት አገኘኸው? እኔም ላሠራ?" ስለሚለኝ፣ የወደድኩትንም ያስከፋኝንም ሳልደብቅ እዚህ ላስቀምጠው።

ሰዓቱን አጎቴ በ1991 ዓ.ም. ከጅዳ ለአባቴ የላከለት ነው። ጀርባው ላይ 7ኤስ26 የሚል የማሽን ቁጥር አለ፤ ከሱ ሌላ ባለ ስድስት አሃዝ መለያ ቁጥር ተቀርጿል። የመለያው የመጀመሪያ አሃዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩን ይናገራል። የእኛው በ8 ይጀምርና "ኤን" የሚል ፊደል ይከተለዋል፤ ኤን ኖቬምበር ማለት ነው። 7ኤስ26 የተባለው ማሽን መመረት የጀመረው በ1996 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነና ሰዓቱ እኛ ቤት የገባበት ዓመት ስለሚታወቅ፣ 8 የሚለው 1998 መሆኑ አያጠራጥርም። ባትሪ የለውም፣ በእጅም አይሞላም፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል። አውልቀው ቢያስቀምጡት 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል።

ፊቱ ሰማያዊ ነበር። ከዓመታት እርጥበት የተነሳ ነጠብጣብ አወጣ፣ የቆጣሪዎቹ የሚያበራ ቀለምም እየተፈረፈረ መስታወቱ ሥር ተበተነ። አባቴ ዓይኑ ሲደክም "እንግዲህ ያንተ ነው" ብሎ ሰጠኝ። ማሽኑ ደህና ነበር፤ ያረጀው ፊቱ ብቻ ነው።

ለምን የግእዝ ቁጥር? ልጆች ሆነን ሰዓት ስንማር "ትይዩውን አንብብ" ነበር የሚሉን። ቆጣሪው 8 ላይ ሲሆን ሁለት ሰዓት፣ 9 ላይ ሲሆን ሦስት ሰዓት። እስከ ዛሬም አእምሮዬ ያንን ሥራ ሳይሠራ ሰዓት አላነበብኩም። እኔ ሐይቅ ከተማ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ጠዋት ከደሴ ወጥቼ ከሰዓት እመለሳለሁ፣ በቀን ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሰዓት አያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እንደምንናገረው የሚያነብልኝ ሰዓት ማሰር ፈለግሁ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፮ን ከላይ፣ ፲፪ን ከታች አድርጎ ማሠራት ነው፤ ቆጣሪው በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል፣ ቁጥሩ ግን የኛን ያነባል። ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል። ሁለተኛው ፲፪ን እንደ ወትሮው ከላይ አስቀምጦ ቆጣሪውን ስድስት ሰዓት ማዛወር ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ምክንያቴ አንድ ነገር ነው፦ በዚህ አሠራር ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ ፲፪ ላይ ሲገናኙ፣ ማለትም ጎህ ሲቀድ ነው። የኛ ቀን የሚጀምረውም ያኔ ነው። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ብርሃን ሲገባ የቀን መስኮቷ ስትገለበጥ ማየት፣ ለዚህ ብቻ ብዬም ቢሆን አሠራው ነበር።

አባቴ ግን እስካሁን አልተስማማም። የጁምዓ ሌሊት ሐሙስ ማታ ነውና ቀኑ በመግሪብ መግባት አለበት ይላል። የሰዓቱ የቀን ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የሚሠራ ነው፤ እሱ የለመደው ዐረብኛውን ስለሆነ እንዲያ ተውኩለት። ስለዚህ ዛሬ ፊቱ ላይ ዙሪያውን የግእዝ ቁጥር፣ መስኮቱ ውስጥ ዐረብኛ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሳየው ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስኒውን አስቀምጦ ሰዓቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋና በጣቱ ከ፩ እስከ ፲፪ ቆጠረ። ከዚያ "ይኸማ የወሎ ሰው ሆኗል" አለ።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ቁጥር የሌለበት ባዶ ነጭ ፊትና ሦስቱን ቆጣሪዎች ዱባይ ደርሶ የመጣ የጎረቤት ልጅ አመጣልኝ፤ ሁሉም 2,800 ብር ወጣበት። ቆጣሪ መግዛት ቀላል ነው፤ ለ7ኤስ26 እና ኤንኤች35 ለሚባለው ሌላ የሴኮ ማሽን ተብለው የሚሸጡት ቀዳዳቸው አንድ ነው፦ የሰዓቱ 1.5፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር። ፊቱ ነው ተንኮለኛው። በብዛት የሚሸጠው ስፋቱ 28.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሴኮ ፋይቮች ግን ሁሉም አንድ ልክ አይደሉም። የእኔ በዕድል ገጠመ፤ እናንተ አሮጌውን በካሊፐር ሳትለኩ አትግዙ።

ሌላው እግሩ ነው። ከፊቱ ጀርባ ማሽኑ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉ። የብዙ ሴኮ ፋይቮች መሙያ፣ ማለትም በጎን ያለው ሰዓቱና ቀኑ የሚስተካከልበት እንቡጥ፣ እንደ ሌላው ሰዓት 3 ቁጥር ላይ ሳይሆን ወደ 4 ወረድ ብሎ ነው ያለው፤ ስለዚህ መሙያው 3 ላይ ላለ ሰዓት የተሠራ ፊት እግሩ እዚህ ቀዳዳውን አያገኝም። የመጣልኝ እንዲህ ያለው ነበር። እግሮቹ ተቆርጠው ፊቱ በሁለት በኩል በሚያጣብቁ ትናንሽ ክብ ማጣበቂያዎች ተያዘ። አሥር ወር ሙሉ አልተነቃነቀም። ነገር ግን ሲለጠፍ ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ አዘንብሏል፣ ፲፪ ከመስታወቱ ጠርዝ ምልክት ጋር ፍጹም ትይዩ አይደለም። ሌላ ሰው አያየውም፣ እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።

ቁጥሮቹን ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በሚለጠፍ ስስ ወረቀት ላይ አተመልኝ። ከዚያ በላዩ ቫርኒሽ ተቀባ። እዚህ ላይ የተማርኩትን አጥብቄ እናገራለሁ፦ የግእዝ ቁጥር ከላይና ከታች ያለው መስመር ትንሽ ሲሆን ይውጠዋል። ወረቀት ላይ ትልቅ ሆኖ ሲታይ ያማረው ፮ እና ፯ ሰዓት ላይ ሲያርፉ ተመሳሰሉ። ፲፩ እና ፲፪ ባለ ሁለት ምልክት ስለሆኑ ቦታ ይጠባቸዋል። የመጀመሪያው ሥራ በዚህ ተበላሽቶ ሁለተኛ ሲታተም መስመሮቹን አቅጥኜ፣ ባለ ሁለቱን ደግሞ ትንሽ አሳንሼ አመጣሁ። አሁንም ፮ን ከ፯ የምለየው በቦታው ነው እንጂ በቅርጹ አይደለም።

የተከፋሁበት ነገር የቆጣሪ አገጣጠም ነው። ቆጣሪ የሚገጠመው መጀመሪያ ማሽኑን እያዞሩ ቀኑ ተገልብጦ "ጠቅ" እስኪል ጠብቆ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ሁለቱንም ፲፪ ላይ በመጫን ነው። የሠራልኝ ሰዓት ሠሪ ይህን ሳይጠብቅ ገጠመው። ቤት ስገባ ቀኑ ጎህ ሲቀድ መቀየሩ ቀርቶ ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ላይ ተገለበጠ። ለጎህ ብዬ ያሠራሁት ነገር እንዲያ ሲሆን ልቤ ተሰበረ። መልሼ ወስጄ፣ ሰውየው ቅር እያለው፣ እንደገና አስገጠምኩ። በግንቦት ደግሞ ከሐይቅ ስመለስ የሰከንድ ቆጣሪዋ ወልቃ ፊቱ ላይ ወደቀች፤ ደቂቃው ሥር ገብታ ሰዓቱን አቆመችው። የሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሁለቴ ሲወልቅና ሲገባ መላላቱ አይቀርም። ሌላ ሠሪ ዘንድ በ300 ብር ተስተካከለ፣ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለችም።

ክረምቱም ፈተነኝ። ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ውዬ በሐረጎ ጭጋግ ወደ ደሴ ስወጣ፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ላብ ያዘ። ክዳኑ ሲከፈት የደረቀው የጎማ ቀለበት አልተቀየረም ነበር። ቀለበቱን አስቀየርኩ፣ ላቡ አልተመለሰም። ቢሆንም ለውዱእ ማውለቄን አልተውኩም። ሰዓት የምታስከፍቱ ሰዎች፣ ጎማውን አብራችሁ አስቀይሩ።

አሠራሩ ምንም አልተጓደለም። ፊትና ቆጣሪ መቀየር የማሽኑን ፍጥነት አይነካም። ፋብሪካው ለዚህ ማሽን በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ይፈቅድለታል፤ የእኔው በቀን 12 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል፣ አርብ አርብ አስተካክለዋለሁ። መሙያውን ስትስቡ ሰከንዱ ስለማይቆም በሰከንድ ልክ ማድረግ አይቻልም።

የቀን መቁጠሪያው ግን ሥራ ይጨምራል። ማሽኑ እስከ 31 ይቆጥራል፣ የኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ 1 ቀን ላይ 31 ብሎ ይጠብቀኛል፣ በመሙያው አንድ አሳልፈዋለሁ። ከጳጉሜን በኋላ ደግሞ መስከረም 1 ማለዳ 6 ብሎ ቆየኝና 26 ጊዜ አዞርኩት። በዓመት 13 ጊዜ ማለት ነው፤ በፈረንጅ ወር ቢሆን 5 ጊዜ ብቻ ነበር። እኔን አልከበደኝም፣ የወሩን መባቻ ያስታውሰኛል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቆጣሪው ከ፱ እስከ ፫ ባለው ጊዜ ቀን በሚቀየርበት ሰዓት አካባቢ ቀኑን በመሙያው አታዙሩ፤ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚሆኑ ሊሰበሩ ይችላሉ። በእኔ ሰዓት ይህ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው።

ማታ መብራት ሲጠፋ ቆጣሪዎቹ ያበራሉ፣ ቁጥሮቹ አያበሩም። ፲፪ ከላይ እንደሆነ ስለምታውቁ ሰዓቱን ለማወቅ ይበቃል። የአሁኑ ቀለም ከብርሃን ተሞልቶ የሚያበራ፣ ጉዳት የሌለው ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ የሚያበሩ ሰዓቶች ግን ብዙዎቹ ራዲየም ነበረባቸው። ብርሃኑ ጠፍቷል፣ ጨረሩ ግን ገና አለ፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነው። የአያት ሰዓት እንዲህ ያለ ካላችሁ ፊቱን አትፋቁ፣ ቤት ውስጥም አትክፈቱ። እንዳለ ተዉት።

አሮጌውን ሰማያዊ ፊትና የተላጡትን ቆጣሪዎች በትንሽ የመድኃኒት ቆርቆሮ አድርጌ እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። የተቀየረ ሰዓት ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳልና፣ መመለስ የሚፈልግ ቀን ሊመጣ ይችላል። ፊቱን የሠራው ሰው "ይጣል?" ሲለኝ እጁን ይዤ ነው የተቀበልኩት።

የካቲት ላይ ረመዳን ይገባል። አባቴ ለወሩ ሰዓቱን እንድመልስለት ጠይቆኛል፤ አሁን ያለ መነጽር ያነበዋል። ከመስጠቴ በፊት ቆጣሪውን አሥራ ሁለት ሰዓት ወደፊት አዞርለታለሁ፤ ያኔ ቀኑ በመግሪብ ይገባለታል።