ማሪዮ በእጅ፦ ሱፕ ይሻላል ወይስ ዲኤስ ላይት?

እዚህ ጅማ ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለ ጓደኛዬ ሁሉ «ለልጄ ማሪዮ የምታጫውት የእጅ ጌም ልገዛ ነው፤ የቷ ትሻላለች?» ይለኛል። መልሴ ያገለገለ ዲኤስ ላይት፣ የኔንቲዶ ኩባንያ የእጅ ጌም፣ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሂሳቡን ስሙኝ።

ሱፕን፣ ያቺን «400 ጌም» ተብላ የምትሸጠውን፣ መጀመሪያ በ1,400 ብር ገዛኋት። በአራት ወር በተኗ ሰመጠ። ሁለተኛዋን በ1,600፣ ሦስተኛዋን በ1,800 ገዛሁ። ድምሩ 4,800 ብር፣ ሦስቱም አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። እውነቱን ለመናገር ባትሪዋ የድሮው ኖኪያ ቢኤል-5ሲ ስለሆነ የትም ሞባይል ጥገና ቤት ይገኛል፤ ይሄ አንጀቴን አርሶታል። ማሪዮዋ ግን እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ነው። ሴቭ የሚባል ነገር የለውም፤ ባትሪ ካለቀ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው።

ዲኤስ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሱፐር ማሪዮ 64 እ.ኤ.አ. በ1996 ከቲቪ ጋር ለሚሰካው ኔንቲዶ 64 ወጣ፤ በ2004 ደግሞ ለዲኤስ እንደ አዲስ ተሠራ። በጨዋታው የሚሰበሰበው ኮከብ ከ120 ወደ 150 አደገ፤ ዮሺ፣ ሉዊጂና ዋሪዮ የሚባሉ ገጸ ባሕርያትም እንድንጫወትባቸው ተጨመሩ። የሚጀምረው በዮሺ ነው፤ ማሪዮን ራሳችሁ ማስፈታት አለባችሁ። የእህቴ ልጅ ይሄን ሲያይ «አጎቴ፣ ተሸወድክ፤ ይሄ ማሪዮ አይደለም» ብሎኝ ነበር።

የተሸወድኩትስ በካሴቱ፣ ጨዋታው ባለባት ትንሽ ካርድ፣ ነው። ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁት የ700 ብር ካሴት ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። 23 ኮከብ ከሰበሰብን በኋላ አጥፍተን ስናበራው ባዶ። ለ700 ብር 350 ኪሎ ሜትር ማን ይመለሳል? ኦርጅናሉን በ1,500 ገዛሁ። ስትገዙ ሻጩ ፊት አንድ ኮከብ አግኙ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፍታችሁ አብሩት። «ቸኩያለሁ» ካለ እናንተም ቸኩሉ።

መሣሪያዋ 6,500 ብር፣ ካሴቱ 1,500፣ በጠቅላላ 8,000። ፎርጅዱን 700 እና የጥገናውን 400 ስትጨምሩ የኔ 9,100 ደረሰ።

ጥገናው የአር (R) በተን ነው። ዲኤስ ላይት ከላይ በኩል ያሉት ሁለቱ በተኖች፣ ኤል (L) እና አር፣ ቶሎ ይደክማሉ፤ ማጠፊያዋም ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ልትችሉት ትችላላችሁ፣ አርን ግን አትችሉትም። ማሪዮ የሚያጎነብሰው በአር ነው፤ ካላጎነበሰ ሩቅ ዝላይ የለም፣ ወደኋላ መገልበጥም የለም። ራሴ ልፈታት ሞክሬ ነበር፤ ብሎኖቿ አንዳንዶቹ ሦስት ጥርስ ስላላቸው ተራ ካቻቪቴ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

«ስሪዲኤስ (3DS)፣ ከዲኤስ በኋላ የወጣው፣ አይሻልም ወይ?» የሚሉኝም አሉ። ካሴቱን ይቀበላል፣ አውራ ጣት የሚያርፍባት ተንሸራታች በተንም አለችው። ነገር ግን ጨዋታው ያው ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለመሮጥም የዋይ (Y) በተንን ተጭኖ መያዝ ግድ ነው። ለዚህ ጨዋታ ብቻ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ሻጩ «አር በተኗ ትንሽ ትለግማለች» ካላችሁ 1,000 ብር አስቀንሱ፤ እምቢ ካለ ትታችሁ ውጡ።