በራችንን ላንኳኳችው ሲስተር

ይህን የምጽፈው ከደሴ ነው። ሰፈሬን አልጠቅስም። እሷም ስሟ እንዲነሳ አልፈለገችም። «ሥራዬ ነው፣ ምን ያስጽፋል?» አለችኝ። ስለዚህ ሰፈሩ እንደሚጠራት ሲስተር እላታለሁ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቦርሳ አንግተው ቤት ለቤት ከሚዞሩት አንዷ።

ላመሰግናት ነው። ደግሞም ቤታችሁ ውስጥ አዛውንት ወይም ሕፃን ካለ፣ የናንተን ሰፈር ሲስተር ዛሬውኑ ፈልጋችሁ እንድታውቋት ነው። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ስመለስ መሽቷል። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ሳምንት ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ልጃችንን የምትይዘው እናቴ ናት። እሷ 74 ዓመቷ ነው። እሱ ያኔ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነበር። የሕፃናት ማቆያ ጠይቄ ነበር፤ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥም አላገኘሁም። ሞግዚትም ሞከርን፣ አልሆነም። ሰው ሲጠይቀኝ «እናቴ አለችልኝ» እላለሁ። እውነትም አለችልኝ። እሷን ማን እንዳለላት ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ነበር። ሰኔ ላይ። ጭጋጉ ወርዶ የጦሳን ተራራ ውጦታል። ልብስ ዘፍዝፌ፣ ልጁን በአንድ እጄ ይዤ በሩን ከፈትኩ። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ማን እንደሆነች ስትነግረኝ «ሌላ ቀን ብትመጪ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ከውስጥ ሰማችን። «ማነው? ግቢ ልጄ፣ ቡናው እየተቆላ ነው» አለች። ወሎ ቤት ቡና ከተቆላ ደግሞ እንግዳ አይመለስም።

ሲስተር ገባች። «እማማ፣ ከቡናው በፊት ግፊትዎን ልለካዎት። ቡና ከተጠጣ በኋላ ትክክለኛውን አያሳየኝም» አለቻት። ወዲያው አልለካቻትም። ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን መሬት አስረግጣ አስቀመጠቻት። 5 ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ተቀመጡ። እኔ ቸኩያለሁ። እሷ አልቸኮለችም። ለካች። 176 በ100። ቆይታ ደግማ ለካች። ያው ነው።

«መድኃኒት አለዎት?»

«አለኝ እንጂ።» እናቴ ሳጥኗን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ አምሎዲፒን አወጣች። ሲስተር እሽጉን ገለበጠችው፣ ፍሬውን ቆጠረችው። ብዙ ተርፏል። «መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ራሴን ሲያመኝ።»

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እናቴ የግፊት መድኃኒት እንዳላት አውቃለሁ። እንዴት እንደምትወስደው ግን አላውቅም ነበር። ነገሩ የጀመረው በ2014 ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ መድኃኒት ጠፋ። እናቴም አቆመች። ሲገኝ «ደህና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ብላ እንደ ማስታገሻ ትቆጥበው ጀመር። ሲስተር አልተቆጣቻትም። ግፊት ሳያምም ውስጥ ለውስጥ እንደሚጎዳ፣ ክኒኑ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንደሚወሰድ፣ ለራስ ምታት እንዳልሆነ አስረዳቻት። ራሷ መድኃኒት አላዘዘችም። «እኔ ለክቼ እልካለሁ እንጂ አላክምም» ብላ ወደ ጤና ጣቢያው የምንሄድበትን ወረቀት ጻፈችልን። ይህቺ ነገሯ እስከ ዛሬ ደስ ትለኛለች። የምታውቀውን ታውቃለች፣ የማታውቀውን ወደሚያውቀው ትልካለች።

ከዚያ ቡናው ደረሰ። እናቴ መቅዳት ጀመረች። እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው፣ ስለዚህ አላየውም። ሲስተር ግን ዐይኗን ጥላ ትመለከታለች። እናቴ የግራ እጇን ጣት ሲኒው አፍ ላይ ታደርጋለች። ጀበናውን ቀስ አድርጋ ታዘነብላለች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ሰበር ታደርጋለች። ድምፁን እያዳመጠች ነው። ሲኒው ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል። እናቴ ቡናውን የምትቀዳው በጆሮዋ ነበር።

«እማማ፣ ሲኒው ይታይዎታል?»

«ይታየኛል እንጂ!»

ሲስተር መስኮቱ ጋ ሄዳ ጣቶቿን ዘረጋች። «ስንት ነው?» እናቴ ሳቀች። «በዚህ ዕድሜዬ ቁጥር ልታስቆጥሪኝ ነው?» አለች። ቁጥሩን ግን አልተናገረችም።

ከሁለት ዓመት በፊት ዐይኗን ብላ ይዣት ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ አልጽፍም። ያገኘነው ባለሙያ ዐይኗን በመብራት እንኳ ሳያይ «ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኘን። እኔም ተቀበልኩ። ሳልከራከር መመለሴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የልጁ ተራ ደረሰ። ሲስተር የክንድ መለኪያዋን አወጣች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለው ቀጭን ጥብጣብ ነው። የግራ ክንዱ ላይ ጠመጠመችው። 12.1 ሴንቲ ሜትር፣ ቢጫ። ከ11.5 በታች ቢሆን ቀይ ነው፤ ያ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ ወዲያውኑ ሕክምና ይፈልጋል። አረንጓዴው የሚጀምረው ከ12.5 ነው። የኔ ልጅ መሃል ላይ ነበር። እኔ «ቀጭን ነው፣ አባቱን ነው» እል ነበር።

«ቀን ምን ይበላል?» አለች።

እናቴ ቀደመች። «ሻይ በዳቦ ይወድዳል።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እኔ ራሴ ልቆጣ ነበር። ሲስተር ግን «እማማ፣ ድሮ ልጆችዎን ሲያሳድጉ ምን ነበር የሚያበሏቸው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ደስ ብሏት ዘረዘረች። የገብስ ገንፎ በቅቤ። አጥሚት። እርጎ። ሽምብራና ስንዴ ተቀላቅሎ የተፈጨ። «ታዲያ ያ እኮ ነው ጥሩው። ለምን ተዉት?» አለቻት።

እናቴ ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «እሳቱን አልለየውም» አለች። «ድስቱ ይፈስብኛል። ልጁን አቃጥላለሁ ብዬ ፈራሁ። ሻዩ ፔርሙስ ውስጥ አለ።»

እኔ ነኝ ጠዋት ሻዩን ፔርሙስ ውስጥ ሞልቼ የምሄደው።

ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ይከብደኛል። የልጄ ክንድ የቀጠነው በእናቴ ዐይን ምክንያት ነበር። እናቴ ደግሞ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረች ሥራዬን እንደምተው ታውቃለች። ሁለቱ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ቤት ውስጥ ይውሉ ነበር፤ እኔ ሁለቱም ደህና ናቸው ብዬ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ያንን ቋጠሮ የፈታችው፣ አንድ ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ቤታችን የተቀመጠች ሴት ናት። የሷ ጉብኝት ከቀጠሮ የሚለየው ይሄ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደን ቢሆን ኖሮ እናቴ በአንድ ክፍል፣ ልጄ በሌላ ክፍል ይታዩ ነበር። ጀበናውንና ፔርሙሱን የሚያይ አይኖርም።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። የልጁን የክትባት ካርድ አየች። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አልፎታል። ያመለጠኝ በራሴ ቸልተኝነት ነው። በ9 ወሩ ሲወስድ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ተከተበ። ክትባቱ ነፃ ነው። የሷም የቤት ለቤት አገልግሎት ነፃ ነው። ገንፎውን እኔ ማታ ማታ አዘጋጅቼ ማደር ጀመርኩ። ምጥኑን እናቴ ነች ያዘዘችኝ፣ ገብስ ይሄን ያህል፣ ሽምብራ ይሄን ያህል እያለች። እንቁላል ጨመርንበት። ሻዩ ቀረ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረት እንዳይወስድ እንደሚያደርግ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በሁለት ወሩ ሲስተር ስትለካው አረንጓዴ ገባ። እናቴ እልል አለች።

የጤና መድናችን ጊዜው ማለፉንም ያየችው እሷ ናት። ቤቱ የእናቴ ነው፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም በሷ ስም ነው። በየዓመቱ ይታደሳል። እኛ ዘንግተነው ነበር። መድኑ በሀገራችን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነው። ሐይቅ ያሉት የእናቴ እህቶች ከኛ በፊት ያውቁታል ማለት ነው። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ይህን የማያውቁ ብዙ አቅመ ደካሞች አሉ። አጠገባችሁ ካሉ ንገሯቸው።

የዐይኑ ነገር ጊዜ ወሰደ። የዐይን ሞራ ነው ተባለ፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ። ግን ግፊቷ በዚያ ደረጃ እያለ አይሠራላትም። እናቴ ክኒኑን በየቀኑ እንድትውጥ ያደረጋት ይሄ ነው። ምክሩን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ግን ዐይኗን ፈልጋ ነው። ሲስተር ይህን ተረድታለች። በመጣች ቁጥር «እማማ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለመሄድ ስንት ቀረን?» እያለች ነበር የምትለካት። 160 ሆነ። 148 ሆነ። ረመዳን እንደሚመጣ አስቀድማ አስባ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጤና ጣቢያው ጋር እንድንነጋገርበት አሳሰበችን። እኛ አላሰብነውም ነበር።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አንዱ ዐይኗ ተሠራ። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ቤት ስንገባ ልጄ ሮጦ መጣ። እናቴ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቅንድቡን ነካ አድርጋ «ይሄ ጠባሳ መቼ ነው የመጣው?» አለችኝ።

እሷ ጋ የወደቀ ቀን ነው። እኔ ማታ መጥቼ ነው ደሙን ያየሁት። አልነገርኳትም ነበር። ያን ቀንም አልነገርኳትም። «ቆየ እማዬ፣ ድኗል» አልኳት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ነው በገጠር የተጀመረው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ፣ ኋላ ወደ ከተማም መጣ። ስለዚህ አገልግሎቱ ደሴም ይሁን ወረኢሉ፣ ላሊበላም ይሁን ቆቦ አለ። ገጠር ከሆናችሁ ጤና ኬላ ሂዱ። ከተማ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «የኛን ሰፈር የያዘችው ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትመጣ የክትባት ካርዱንና አዛውንቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አንድ ላይ አዘጋጁ። እሽጉን ጭምር። ደግሞ እባካችሁ፣ እናንተ ብቻ አትመልሱ። አዛውንቱ ራሳቸው ይናገሩ።

ቶሎ ቶሎ ትመጣለች ብዬ አልዋሽም። የያዘችው ቤት ብዙ ነው። አንዳንዴ ወር አልፎ ነው የምናያት። በክረምት የኛን ዳገት መውጣት ለጎረምሳም ከባድ ነው። በር የሚዘጋባት አለ፣ ውሻ የሚለቅባት አለ። እሷ ግን መላ አላት። የቅሬያችንን፣ ማለትም የዕድራችንን፣ ዳኛ አስፈቅዳ፣ ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን ቀድማ ትገኛለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ስለሆነ አዛውንቶቹን እዚያው ታገኛቸዋለች። ተሰልፈው ይለካሉ። ሌሎች ቅሬዎችም ቢያደርጉት እወዳለሁ። ወጪ የለውም፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው።

ስጦታ ልንሰጣት ሞክረን ነበር። እናቴ ያስፈተለችውን ነጠላ። አልቀበልም አለች። እናቴ ተቀየመች፣ ኋላ ታረቁ።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ እናቴ የምትልሽ አለ። የሁለተኛው ዐይን ቀጠሮ ደርሷል። ትናንት ጤና ጣቢያ 138 በ84 ለክተዋታል። እንድነግርሽ አደራ ብላኛለች። ቅዳሜ ቡና አለ፤ ከቡናው በፊት ድረሺ፣ ራሷ ትቀዳልሻለች።