ባለ 40 ጋሎን የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ዕቃው ደህና፣ ጣጣው አየሩና ጭስ ማውጫው

አዲስ አበባ ላይ ቦይለር ሲባል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በመብራት የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ጭስም የለው፣ አየርም አይፈልግ። አሜሪካ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ውስጥ የሚቆመው ባለ ጋዙ ግን ውሃ የተጣደበት ምድጃ ነው። እዚህ የሚገመገመው ተራው ዓይነት ነው፦ 40 ጋሎን፣ በሰዓት 40,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ)፣ ማራገቢያ የሌለው፣ ጭሱ ትኩስ ስለሆነ ብቻ ወደ ላይ የሚወጣ።

ውሃ በማሞቅ በኩል በዘጠኝ ወር እንከን አልወጣለትም። ሁለት ሰው ተከታትሎ ይታጠብበታል፤ ፓይለቱ፣ ማለትም ዋናውን እሳት የሚለኩሰው ትንሽ ነበልባል፣ ሁልጊዜ የሚበራ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሙቅ ውሃ አይቋረጥም። ለዚህ አራት ኮከብ ይገባዋል። አምስተኛውን የሚያስቀረው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶበት ድራየር (ልብስ ማድረቂያ) ሲነሣ ጭሱን ወደ ቤት መመለሱ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ለመንደድ ብቻ 10 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ይበላል። በድራፍት ሁዱ፣ ማለትም አናቱ ላይ በተቀመጠው ቆብ፣ ገብቶ ከጭሱ ጋር የሚወጣው አየር ከዚህ ሌላ ነው። የአሜሪካ የጋዝ ኮድ ለየ1,000 ቢቲዩው 50 ኪዩቢክ ጫማ ክፍል ይጠይቃል፤ ለዚህ ዕቃ 2,000 መሆኑ ነው። ጥግ ላይ በጂፕሰም ቦርድ የታጠረ፣ 6 በ7 ጫማ ሆኖ ቁመቱ 8 የሆነ ክፍል ግን 336 ብቻ ነው። ድራየር ደግሞ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ኪዩቢክ ጫማ አየር ወደ ውጭ ይገፋል። የወጣው አየር በሆነ በኩል መተካት አለበት፤ ሌላ ቀዳዳ ካጣ በጭስ ማውጫው ይወርዳል።

መፍትሔው በር ገርበብ ማድረግ አይደለም፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ይዘጋዋል። ወደ ሰፊው ቤዝመንት የሚከፈቱ ሁለት ፍርግርጎች ይገጠማሉ፦ አንዱ ከጣሪያው በ12 ኢንች ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ12 ኢንች ውስጥ። የእያንዳንዱ ነፃ ክፍት ቦታ ከ100 ካሬ ኢንች ማነስ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ነፃ» የምትለዋ ላይ ነው። የብረት ፍርግርግ ከስፋቱ 75 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል፤ ስለዚህ 12 በ12 የሆነው 108 ይሰጣል፣ ይበቃል። የእንጨቱ 25 በመቶ ስለሆነ 20 በ20 ያስፈልጋል፤ ያምራል እንጂ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ቤዝመንቱ 20 በ24 ጫማ ከሆነ 3,840 ኪዩቢክ ጫማ አለው፣ ሂሳቡ ይዘጋል።

መስኮቶቹ ተቀይረው ቤቱ በደንብ ከታሸገ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም፤ አየሩ ከውጭ መምጣት አለበት። በአንድ ቀዳዳ ከሆነ ለየ3,000 ቢቲዩው 1 ካሬ ኢንች፣ ማለትም 13.3። ባለ 4 ኢንች ቱቦ 12.6 ስለሆነ ለጥቂት ያንሳል፣ 5 ኢንች ይያዝ። ጫፉ ላይ የሚደረገው ወንፊት ቀዳዳው ከሩብ ኢንች ማነስ የለበትም፤ የወባ ትንኝ መረብ ብዙ ሳይቆይ በአቧራ ይደፈናል።

ወደ ጭስ ማውጫው እንለፍ። የላሜራው ቱቦ በየጫማው ሩብ ኢንች ሽቅብ መሄድ አለበት፤ በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን፤ ከሚቃጠል ነገር 6 ኢንች ርቀት። ቢ-ቬንት የሚባለው ድርብ ቱቦ ግን 1 ኢንች ይበቃዋል። መታጠፊያ፣ ጎሚቶ የምንለው፣ በበዛ ቁጥር ጭሱ ይደክማል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባሉ የቆዩ ቤቶች ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ በፕላስቲክ ቱቦ በሚተነፍስ አዲስ ሲተካ፣ ለሁለቱ ዕቃዎች የተሠራው የጡብ ጭስ ማውጫ ለማሞቂያው ብቻ ይቀራል። ሰፊና ቀዝቃዛ ስለሆነ ጭሱ መንገድ ላይ ይበርዳል፣ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ ጡቡን ይበላል። በኮዱ የጡቡ ውስጥ ስፋት ከድራፍት ሁዱ መውጫ ከ7 እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ለ4 ኢንች መውጫ 88 ካሬ ኢንች ገደማ። ውጭ ግድግዳ ላይ የተሠራ ከሆነ ይህም አያድነውም። ልኩን የጠበቀ የአሉሚኒየም ላይነር፣ ማለትም ጡቡ ውስጥ የሚወርድ ቱቦ፣ ማስገባት ነው፤ ብሩ ያማል፣ ግን ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጭስ ይመለስ እንደሆነ ያለመሣሪያም ይታያል። አናቱ ላይ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧዎቹ ሲወጡ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበት አላቸው። ወደ ድራፍት ሁዱ የዞረው ጎናቸው ብቻ እንደ ሻማ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ትኩስ ጭስ ሲገርፋቸው ኖሯል ማለት ነው። ቆቡ ዙሪያ ዝገት ወይም ጥቀርሻም እንደዚያው።

ፈተናው ቀላል ነው። መስኮትና የውጭ በር ይዘጋ፤ ድራየሩ፣ የኩሽናው ጭስ ሳቢና የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ሁሉ ይነሡ፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ ከፍቶ ማሞቂያውን ማስነሣት። ከ5 ደቂቃ በኋላ የተለኮሰ ሰንደል ድራፍት ሁዱ ጠርዝ ላይ ይያዝ፤ ጭሱ ከክብሪት ይልቅ ረጋ ብሎ ይታያል። ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊት ከተመለሰ ማሞቂያው ይጥፋ፣ ባለሙያ ይጠራ። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ትንሽ መመለስ ጭስ ማውጫው ስላልሞቀ ነው።

በእንክብካቤ በኩል የሚያስቸግረው ከሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ነው። ልብስ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ብናኝ ቶሎ ይይዘዋል፤ ነበልባሉ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይዞራል፣ ፓይለቱ ይጠፋል። በየሦስት ወሩ በብሩሽና በቫኪዩም መጥረግ ይበቃል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የግድ ነው፤ ከማሞቂያው 15 ጫማ ያህል ርቆ በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች ደጅ። ግን ጸጥ ስላለ ብቻ አይታመን፦ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 70) ላይ ከመጮሁ በፊት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ጋዝ ያው መሆኑን ይያዝ፤ ሽታም የለው። ከጮኸ ሁሉም ይውጣ፣ ከውጭ ሆኖ 911።

ክፍሉ ጠባብ፣ ቤቱም የታሸገ ለሆነበት ሰው ይህ ዓይነት አይመከርም፤ አየሩንም ጭሱንም በራሱ ቱቦ ከውጭ የሚያደርገው ዳይሬክት ቬንት ይሻለዋል። ከክፍሉ አየር ሙቀት ስቦ በመብራት ውሃ የሚያሞቀው ሂት ፓምፑም ጭስ የለውም፣ ግን እንደ ሞዴሉ ከ700 እስከ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ ክፍል ይጠይቃል።