ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊን ወይስ ናልትሬክሶን? ከወንድሜ ጋር ያየሁት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጁ የትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ ኪኒን) ሱስ የያዘበት ወዳጅ ሁሉ ይደውልልኛል። "ከሱሱ ለመላቀቅ ከሚታዘዙት ከሦስቱ መድኃኒቶች የትኛው ይሻላል?" ይሉኛል። የኔ ምርጫ ቡፕረኖርፊን ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የሐኪም ነው።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታዘዘለት ሜታዶን ነበር። ፈሳሹ ርካሽ ነው፤ የሚያስወጣው መንገዱ ነው። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ሄዶ ነርስ ፊት ነው የሚጠጣው። አዲስ አበባ ይሰጣል ብንል እንኳ፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። የደርሶ መልሱን ትራንስፖርት በ30 ቀን አባዙት እስቲ!

ያኔ ለገና ሲመጣ የሚወስደው ሜታዶን ነበር። ውርጩ እኛን ጋቢ አስደርቦ፣ እሱ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። ምሳ እየበላ ያንቀላፋል። ሆዱ ስለሚደርቅ እናታችን በየማለዳው ተልባ ትበጠብጥለታለች። ሜታዶን የልብ ምትንም ሊያዛባ ስለሚችል በኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ ምርመራ) ይታያል። ከአረቄ ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ናልትሬክሶን አያደነዝዝም። ግን ለመጀመር ከ7 እስከ 10 ቀን ከኦፒዮይድ (ትራማዶልና ሜታዶን ከሚመደቡበት የመድኃኒት ዓይነት) መንጻት ያስፈልጋል፤ ብዙው ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል። ማቅለሽለሽና ራስ ምታት አለው። አቋርጦ ወደ ድሮው መጠን የተመለሰ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ሰውነቱ ልምዱን ረስቷላ። በወር አንዴ የሚወጋው 380 ሚሊግራም መርፌ አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

ቡፕረኖርፊንም ራስ ያሳምማል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግን ትንፋሽ ላይ ያለው ጫና ከተወሰነ መጠን በላይ ብዙም አይጨምርም። ልቤን የጣልኩበት ለዚህ ነው። አረቄ ካለበት ግን ይህም አያድንም። ቶሎ ከተጀመረ ደግሞ ሱሱን ሲያቋርጡ የሚመጣውን ሕመም ይቀሰቅሳል፤ ከትራማዶል በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከሜታዶን በኋላ ከዚያም በላይ ይጠበቃል። ጥርስም ሊጎዳ ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 አስጠንቅቋል። ወንድሜ አሁን የሚወስደው ይህን ነው፤ ኪኒኑ ከምላሱ ሥር ሟሙቶ ሲያልቅ በውሃ ይጉመጠመጣል፤ ለመቦረሽ አንድ ሰዓት ይቆያል።

አንድ ጊዜ እዚህ እያለ አለቀበት። ከሰው እጅ 10 ፍሬ በ4,500 ብር ገዛሁ፤ ደረሰኝ የለ፣ ማሸጊያው ላይ ፊደሉ የተሳሳተ። የሚያውቀው ኪኒን መራራ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ይሄኛው እንደ ኖራ አፉ ውስጥ ፈረፈረ። ወዲያው አስተፋሁት። ሌሊቱን ሲያዛጋና ሲንቀጠቀጥ አብሬው አነጋሁ። ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደወልን። አሁን ሲመጣ ፍሬውን በቀን ቆጥሮ፣ አምስት ቀን ትርፍ ጨምሮ፣ ከማዘዣው ጋር ይዞ ነው።